የቀኝ ደረት ኪስ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰሚራ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ሳጥን ጎትታ አውጥታ ያለ የሌለውን ዘረገፈችው። በትምህርት ቤታቸው ኤግዚቢሽን ሊደረግ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ሳይጣል ምን ምን ሊሠራበት እንደሚችል የሚያሳይ። ለዚሁ ጉዳይ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደዋል። በስልኳ ቪዲዮ ከፍታ አንዲት ፈረንጅ አሮጌ ሱሪ ቀዳ ቦርሳ ስታደርገው አሳየችኝና፣ እኛም እንዲህ ብንለምድ እኮ ስንት ነገር ከመግዛት እንድን ነበር ብላ መከረችኝ። ተወልጄ ያደግሁበትን ቤት ልታስጎበኘኝ የመጣች መሰለኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን ሳልስቅ ቀረሁ። ከሳጥኑ ግርጌ ጥቁር ሰማያዊውን የሱፍ ኮት አንስታ ለብሳው ነበር።

እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። መስተዋት ፊት ቆማ ወዲያና ወዲህ ዞር ዞር አለች፤ ከዚያ ደረቷን ዳሰስ አደረገችና፣ «አባባ፣ ኪሱ በቀኝ ነው። ሰፊው ተሳስቶ ነው?» አለችኝ።

ሰፊው አልተሳሳተም አልኳትና በረንዳ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ባጃጆቹ ይንጫጫሉ፤ የጋሪ ፈረሶቹም በመካከላቸው እየተሹለከለኩ ያልፋሉ። አሰላ ብዙ ተለውጣለች፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ግን ያው የጥንቱ ነው፣ አጥንት ፈልጎ የሚገባ። ብርዱ እስኪያንቀጠቅጠኝ ድረስ እዚያው ተቀምጬ ያንን ሰፊ አሰብኩ። አባቴ ነው።

አባቴን የአሰላ ሰው አማን ሰፊው ይለው ነበር። ከገበያው በሚወርደው መንገድ፣ የአንድ ዐረብ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አንድ ባለ ፔዳል የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ሀብቱ ይኸው ነበር። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ለአረፋ የእኛን፣ ለገና የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ልጆች ያለብሳል። እንጀራው ግን ይህ አልነበረም። እንጀራው ኮት መገልበጥ ነበር።

የዛሬ ልጅ ይህን አያውቅምና ላስረዳ። በዚያ ዘመን አንድ ጸሐፊ ወይም አንድ መምህር የሱፍ ኮት የሚያሰፋው በዕድሜው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። ኮቱን አሥር ዓመት ፀሐይ ይልሰዋል፤ ትከሻው ይገረጣል፣ ኮሌታው ይሳሳል፣ ክርኑ እንደ በሬ አፍንጫ ያብለጨልጫል። ከገበሩ በታች ያለው የጨርቁ ጀርባ ግን ፀሐይ አይቶ አያውቅምና ከፋብሪካ እንደወጣ አለ። አባቴ ኮቱን በምላጭ ስፌት በስፌት ይተረትረዋል፤ እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ ደረቱን ለየብቻው ያደርግና አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ መልሶ ይገጥመዋል። ሰውየው አዲስ ኮት ለብሶ ይሄዳል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ጨርቅ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። በግራ ደረት የነበረችው ኪስ በቀኝ በኩል ብቅ ትላለች። የቁልፉ ቀዳዳም እንዲሁ ጎኑን ይስታል፤ እሱን ደፍኖ ሌላ መክፈት ቀላል ነው። ኪሷ ግን አፏን ከፍታ ትመሰክራለች። ዓይን ያለው ሰው ያቺን ኪስ ካየ አቶ እገሌ አሮጌ ኮቱን አስገለበጠ ይላል፤ እንዲህ ከመባል ደግሞ ብርዱን ችሎ በሸሚዝ መሄድ የሚመርጠው ሰው ብዙ ነበር። ድህነታችንን እንችለዋለን፤ ያልቻልነው መታየቱን ነው።

አባቴ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ኪሷን የሚያጠፋት እሱ ብቻ ነበር። ከኮቱ ቅምቅማት ውስጥ አንድ በአንድ ክር ይመዛል፤ በዚያው ክር የኪሷን አፍ እንደ ሸማኔ አግድምና ሽቅብ ይሸምነዋል። ለአንዲት ኪስ ሳምንት የፈጀበት ጊዜ አለ። ሲጨርስ ኮቱ የደረት ኪስ የሌለው ኮት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ማንንም አያጠራጥርም። ደንበኞቹ በገበያ ቀን አይመጡም። ሰው ለምሳ ወይም ለሶላት ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ኮቱን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ሌላ ነገር የሚጠይቁ መስለው ጎራ ይላሉ። አባቴ ስማቸውን አይጽፍም። በየኮቱ ገበር ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ያስራል፤ ቀዩ የማን፣ ቢጫው የማን እንደሆነ እናቴ እንኳ አታውቅም። «ሰፊ ከሁሉ በፊት አፉን ይሰፋል» ይላት ነበር ስትጠይቀው።

በቤታችን የሚጣል ነገር አልነበረም። ከኮት የተረፈው ቆብ ይሆናል፣ ከቆቡ የተረፈው የመርፌ መሰኪያ፣ ከዚያ የተረፈው ትራስ ውስጥ ይገባል። አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳን ተበጅቶለት የእናቴ የጭኮ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር፤ ቅቤና የተቆላ ገብስ ስለለመደ ባዶውን እንኳ ይሸታል፣ ጭኮው ሲያልቅ እየከፈትኩ አሸተው ነበር። ደብተሬንም የሚሠራልኝ አባቴ ነው። ጸሐፊ ደንበኞቹ በአንድ ፊት የተጻፈባቸውን፣ የማይፈለጉ የደብዳቤ ግልባጮች ያመጡለታል። እሱ አስተካክሎ ቆርጦ መሃሉን በመኪናው ይሰፋዋል፤ ልባሱን ከካኪ ወረቀት ያበጅለታል። እኔ በነጩ ፊት እጽፋለሁ፤ በጀርባው «ግልባጭ፦ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት» የሚል በታይፕ ተመትቷል። የአማርኛችን ነገር እንዲህ ነው፤ ኮት ቢዞርም ተገለበጠ፣ ደብዳቤ ቢባዛም ግልባጭ።

ትንሽ ሳለሁ በዚያ ደብተር እኮራ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ግን ጠላሁት። በነዚያ ዓመታት በአርሲ ሜዳ ላይ ትራክተርና ኮምባይነር ገብቶ፣ ስንዴ የሸጡ ሰዎች ልጆች ከአዲስ አበባ የመጣ ሹራብ ለብሰው፣ ልባሱ የሚያብረቀርቅ ደብተር ይዘው ከኔ ጎን ይቀመጡ ጀመር። እኔም የራሴን ደብተር በክንዴ ከልዬ መጻፍ ለመድኩ።

ጂኦግራፊ የሚያስተምሩን መምህር ታደሰ ይባላሉ። ከሩቅ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኮታቸውን ሳይቆልፉ ክፍል ገብተው አያውቁም፤ ትምህርቱ ሲያልቅ የጠመኔውን ብናኝ በመሐረብ ጠርገው ነው የሚወጡት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን አባቴ በረንዳው ላይ ጠራኝ። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ጭኑ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ዘርግቶ፣ ኪሷን ፈልግ አለኝ። በዓይኔ ፈለግሁ፣ በጣቴ ፈለግሁ፣ አጣኋት። አባቴ ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ሳቀ። ጣቴን ይዞ በኮቱ ቀኝ ደረት ላይ ቀስ እያደረገ ሲያስኬዳት፣ የዳነ ጠባሳ የሚያህል ነገር ተሰማኝ።

ከዚያ የመምህር ታደሰ እንደሆነ ነገረኝ። ትምህርት ሲከፈት ለብሰውት ታያለህ፤ ወንድሞቻቸውን እያስተማሩ ነው፣ አዲስ አይገዙም፤ ይህን ለእናትህም አልነገርኳት አለኝ። አፉን ሰፍቶ የኖረ ሰው ለኔ ለምን እንደፈታው ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። የሚያሳየው ሰው ስላልነበረው ይመስለኛል። እንዲያ ያለ ሥራ ሠርቶ ለማንም አለማሳየት ይከብዳል። ከሰው ሁሉ እኔን መረጠ።

በጥቅምት፣ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ካርታ እንድንሥል ታዘን ነበር። መምህር ታደሰ በየወንበሩ እያለፉ ሲያዩ የኔ ጋ ደርሰው ቆሙ። ደብተሬን ከክንዴ ሥር ቀስ ብለው ወሰዱና ከፊት ወጥተው ወደ ላይ ያዙት።

«ይህን ተመልከቱ» አሉ። «ካርታው ጥሩ ነው። ከካርታው ይልቅ ግን ደብተሩን ተመልከቱ፤ አንድ ወረቀት ሁለቴ አገልግሏል። ይህን የሠራ ሰው ሊከበር ይገባል።»

ከልባቸው ነበር ያሉት። ዛሬ አውቀዋለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ወገናቸውን ያዩት በኔ ደብተር ላይ ነበር። ነገር ግን ደብተሩን ሲዘረጉት ካርታው በአንዱ ገጽ፣ በታይፕ የተመታው በሌላው ሆኖ ለክፍሉ ታየ። ከኋላ ወንበር አንዱ ባለ አዲስ ሹራብ፣ «ግልባጭ፦ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት» ብሎ በሥነ ሥርዓት አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግልባጭ፣ ግልባጭ እያሉ ጠረጴዛ ይመቱ ጀመር። መምህሩ ሊያስቆሟቸው ይሞክራሉ፣ ደብተሬ እጃቸው ላይ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ያንን ልጅ ሄጄ ልመታው እችል ነበር፤ አባቱ ትራክተር ያለው ሰው ነበርና ፈራሁት። ጉልበቴ የቻለው ያከበረኝን ሰው ነበር።

ተነሣሁና፣ «ግልባጭስ የቲቸር ኮት ነው» አልኩ። «አባቴ ነው የገለበጠው። ቀኝ ደረታቸውን ዳስሱት።»

ዓይን ሁሉ ወደ መምህሩ ኮት ዞረ። ማንም አላመነኝም ነበር፤ ምን ታይቶ ይታመናል? የአባቴ እጅ ያጠፋትን ኪስ ማንም ዓይን አያገኛትም። መምህሩ ሐሰት ነው ብለው ቢቆጡኝ፣ ወይም ዝም ቢሉ፣ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን የመምህሩ ቀኝ እጅ ብቻውን ተነሥቶ ቀኝ ደረታቸውን ሸፈነ። ወዲያው አወረዱት። ጠመኔ የነካቸው ጣቶቻቸው በጥቁር ሰማያዊው ላይ፣ ልክ በቦታዋ ላይ፣ ነጭ ምልክት ጥለው ነበር።

በማግስቱ ከግማሽ የሚበልጠው ክፍል ሹራቡን ገልብጦ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጎ ለብሶ መጣ። ማን እንዳስተባበረው አላውቅም። በሩ ላይ እንደደረስኩ አየኋቸውና ወደ ባሕር ዛፉ አጥር ጀርባ ተመለስኩ። ሹራቤን አውልቄ እንደነሱ ገለበጥኩት፤ ካልገለበጥኩ ግልባጭ የምባለው እኔ ነበርኩ። መምህር ታደሰ ኮት አልለበሱም። የጥቅምት ውርጭ ሣሩን ባነጣበት ጠዋት በሸሚዝና በስስ ሹራብ ገቡ። ከፊት ጀምረው ረድፍ በረድፍ አዩን፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ደርሶ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ አለፈኝ። ዞረው ርዕሱን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ደወሉ እስኪደወል አስተማሩ።

አባቴ የሰማው ከኔ አይደለም። ልጁ ከኔ ጋር የሚማር አንድ ጸሐፊ፣ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ኮቴን ስጠኝ አለው። ተተርትሮ ተበታትኗል፣ ለሳምንት ይደርሳል ቢለው፣ እንደተተረተረ ስጠኝ ብሎ እጅጌውንም ኮሌታውንም በአንሶላ ቋጥሮ ይዞት ሄደ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ልጅህን ጠይቀው ብቻ ነው ያለው።

ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ መኪናው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፣ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም። «ማል ጎቴ፣ ያ ኢልማ?» አለኝ። አንጀቱ ሲቃጠል በኦሮምኛ ነበር የሚናገረው፤ ምን አደረግህ ልጄ ማለቱ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሹራቤን መገልበጤን ሳይቀር። ሰምቶ ሲጨርስ በእጁ የያዛትን መርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካት። አልመታኝም። ቢመታኝ ምንኛ በተገላገልኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መምህር ታደሰ ወደ በረንዳው መጡ። የገበያ ቀን ነበር፤ ከላይ ታች ሰው ይተራመሳል፣ ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ኮቱን ሳይጠቀልሉ በክንዳቸው ላይ ጥለውት ነበር የመጡት። አግዳሚው ወንበር ላይ ነበርኩና ልሸሽ ስነሣ አባቴ ተቀመጥ አለኝ። መምህሩ ወደ ጎበሳ ትምህርት ቤት ተዛውረዋል፤ ራሳቸው ጠይቀው ነው።

«ጋሽ አማን፣ ሥራዎ እንከን የለውም» አሉት። «የማልለብሰው እኔ ነኝ። ለሚለብሰው ሰው ይስጡልኝ።»

አባቴ ጎበሳ ብርድ ነው እኮ፣ መምህር፣ ብሎ ለመናቸው። እለምደዋለሁ አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው አዩኝ። ስድቡንም እርግማኑንም አንገቴን ደፍቼ እጠብቅ ነበር።

«ካርታህ ጥሩ ነበር» አሉኝና ወደ መናኸሪያው አቀኑ።

ወር ሳይሞላ ባለ ክር ኮቶቹ ሁሉ ተወሰዱ። ከደንበኞቹ አንዳንዱ ናዝሬት ወርዶ አዲስ ገዛ፤ አንዳንዱ አሮጌውን እዚያው ለማያውቀው ሰፊ ሰጥቶ አበላሸው፤ የቀረው በሹራብ ከረመ። ደህና ጨርቅ ውስጡ አዲስ እንደሆነ በየሳጥኑ ብል በላው። አባቴንም አንድም ሰው መጥቶ አልሰደበውም፤ እንዲሁ መንገዳቸውን ቀየሩ። ከእህል መጋዘኑ የጆንያ አፍ መስፋት ሥራ አገኘ። እንደ ጣት የወፈረ መርፌና ሲባጎ ነው ሥራው። በዓመቱ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው፣ እናቴ ቀሚሷን እንዲጠቅምላት ሰጥታው ቀጭኑን ክር በጣቶቹ መካከል መኖር አለመኖሩን መለየት ሲያቅተው አየሁት። ክሩን ከመሬት አንስቼ መርፌው ውስጥ እኔ አስገባሁለት። የስፌት መኪናው በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ጥግ ቆመ።

በስልሳ ሰባት መስከረም፣ ንጉሡ መውረዳቸው በተነገረ ዕለት፣ ዐረቡ ሬዲዮውን ወደ በረንዳ አውጥቶት ሰው ተሰብስቦ ነበር። አባቴ የጆንያ አቧራ ቅንድቡ ላይ ተኝቶ ከመጋዘን ሲመለስ፣ አንዱ ሰማህ አማን፣ ጃንሆይን ገለበጧቸው አለው። አባቴ ቆም ብሎ አሰበ።

«ገለበጡ?» አለ። «እንግዲህ ኪሱ በየት በኩል እንደሚወጣ እናያለን።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ነገሩ ለሳምንት በከተማው ሲዞር ከረመ፤ አዋቂ ነው አሉት። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

በዚያው ዓመት ዴራ ላይ የጸሐፊነት ሥራ አገኘሁ። ልሄድ ስል አባቴ ጥቁር ሰማያዊውን ኮት ከግድግዳው ምስማር አውርዶ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት እዚያ ተሰቅሎ ነበር። ለቁመቴ አስተካክሎታል። ቀኝ ደረቱ ላይ ደግሞ ያቺ ኪስ አፏን ከፍታ ታየችኝ፤ የሸመነባትን ክር አንድ በአንድ መዞ አውጥቶታል። በዚያ በተሰነጣጠቀ ጣቱ ስንት ቀን እንደፈጀበት አላውቅም።

«ከፈትኳት» አለኝ። «የሚደበቅ ነገር የለም። ልበሰው።»

ይዤው ሄድኩ፤ አልለበስኩትም። ዴራ ቆላ ናት፤ ግራር ሥር እንኳ ያልባል። አሰላ በመጣሁ ቁጥር አባቴ ኮቱስ ይለኛል። ዴራ ሙቀት ነው አባ፣ እለዋለሁ። እውነትህን ነው ይለኛል። እስኪሞት ድረስ እንዲህ ተባባልን። እፊቱ የምቀመጠው አሰላ ላይ፣ በሹራብ ብርድ እየቆረጠኝ ነበር። አሰላ ግን ሙቀት አይደለም ብሎኝ አያውቅም። ጎበሳም ለሥራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መምህሩ የት እንደደረሱ ሰው አልጠየቅኩም።

ሰሚራ ኮቱን እንደለበሰች በረንዳ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ከአንድ ነገር በቀር። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ መልሰን ብንገለብጠውስ፣ ኪሱ ወደ ግራ ይመለስ ነበር እኮ አለችኝ። ጨርቅ ሁለት ፊት ብቻ ነው ያለው፣ ያኛው ፊት ድሮ አልቋል አልኳት። እንዲያም ሆኖ ኮቱን ለኤግዚቢሽኑ ልትወስደው ፈለገች፤ ውሰጂው አልኳት። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ መግለጫውን ጭኗ ላይ ትጽፍ ጀመር።

ሰፊው፣ አማን። ይህን በትልቁ ጻፊው አልኳት።

«ባለቤቱስ ማን ነበሩ ልበል?»

እሱን ባዶ ተዪው አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳት ስማቸውን ነው። እዚህም መምህር ታደሰ ያልኳቸው እኔ ስም አውጥቼላቸው እንጂ ስማቸው ታደሰ አይደለም። የሰፊ ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ የሰፋሁት ነገር ቢኖር ይህን ብቻ ነው።